አንድ ስንዝር፦ የአንድ እንጉርጉሮ ቀረጻና ሚክሲንግ የጉዳይ ጥናት

ድምፃዊቷ ወደ እኔ የመጣችው በሌላ ስቱዲዮ ተቀርጾ፣ ሚክስ (የድምፆች ማመጣጠንና ማዋሐድ) እና ማስተር (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ተደርጎ ያለቀ አንድ ዘፈን በፍላሽ ይዛ ነበር። ዘፈኑ በትዝታ ቅኝት የተሠራ፣ ከክራር በቀር ሌላ አጃቢ የሌለው፣ አራት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ እንጉርጉሮ ሲሆን ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው። አብረን ሁለት ጊዜ ካዳመጥነው በኋላ ቅሬታዋን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው፦ «ጋሼ፣ እኔ የዘፈንኩት አጠገቤ ለተቀመጠ አንድ ሰው ነው፤ ድምፄ ግን ከጓዳ የሚመጣ ይመስላል።» ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት የሠራነው በሙሉ ድምፁን ከጓዳ አውጥቶ አድማጩ ጎን ለማስቀመጥ ነበር፤ የተሳካውንም እኔው ያበላሸሁትንም እዚህ አሰፍራለሁ።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ዘፈኑ የድምፅ መጠን ጉድለት እንዳልነበረበት ነው። እንዲያውም ድምፅዋ ከክራሩ በላይ ጎልቶ ይሰማ ነበር። ጆሮ የአንድን ሰው ቅርበት የሚገምተው ግን በጩኸቱ አይደለም፤ ከአፍ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ ከግድግዳና ከጣሪያ ተንጸባርቆ ከሚመጣው ጋር ባለው ምጥጥን፣ የከንፈርና የትንፋሽ ጥቃቅን ድምፆች በመሰማት አለመሰማታቸው፣ እንዲሁም ዘፋኙ ምን ያህል ጉልበት እያወጣ እንደሆነ በሚያሳብቀው የድምፁ ጠባይ ነው። ጆሮ ስር የሚያንሾካሹክ ሰው ድምፁ ቢያንስም ቅርብ መሆኑን ማንም አይስትም፤ ከማዶ የሚጣራ እረኛ ደግሞ የቱንም ያህል ቢጎላ ከማዶ ነው።

ያለ ምንም ኢፌክት የተቀረጸውን ጥሬ ትራክ አስመጥታ ስንሰማው የችግሩ ምንጭ ተገለጠ። ከድምፁ ባሕርይ እንደገመትሁት፣ ማይኩ ከአፏ ቢያንስ አንድ ክንድ ርቆ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ በሆነ ክፍል ውስጥ ቆሞ ነበር። ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ይቀንሳል፤ ከክፍሉ የሚንጸባረቀው ግን ብዙም አይቀንስም። ስለዚህ ማይኩ ከ20 ሴንቲ ሜትር ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ከዘፋኟ ድምፅ 8 ዴሲቤል ያህል ያጣል፤ ቀራጩ ያን ለማካካስ ጌይን (የማይኩን የመቀበል መጠን) ሲጨምር ክፍሉንም አብሮ ይጨምራል። በዚያ ላይ ኮምፕረሰር (የጎላውን ድምፅ ጫን የሚያደርግ መሣሪያ) ተጭኖበት፣ ቀጥሎም «እንዲያምር» ረዥም ኢኮ ታክሎበት ዘፈኑ ጓዳ ገባ። አንዴ ከድምፁ ጋር የተቀረጸን ክፍል በፕለጊን (በኮምፒውተር የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም) አጥርቶ ማውጣት አይቻልም። በአሁኑ ጊዜ ያሉት የማጽጃ ፕሮግራሞች ብዙ ይረዳሉ፤ ሆኖም ከሚያጸዱት ጋር ትንፋሹንና የፊደላቱን ጠርዝ ይዘው ይሄዳሉ፣ ይህ ዘፈን ደግሞ ከእነዚህ ሌላ ሀብት አልነበረውም። ስለዚህ እንደገና ለመቅረጽ ወሰንን።

ሌላው ጉዳይ የአዘፋፈኗ ልማድ ነበር። ድምፃዊቷ ለዓመታት የሠራችው በአዝማሪ ቤት ስለሆነ፣ ድምፅዋን በጫጫታ ላይ አሻግሮ ጥግ ላይ ለተቀመጠው ሰው ማድረስ ሁለተኛ ተፈጥሮዋ ሆኗል። ይህ እንደ ነውር የሚቆጠር አይደለም፤ በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ ማይክሮፎን የሚባል ነገር በቀረጻ ሥራ ላይ ስላልነበረ፣ ድምፅ በቀንድ መሰል መቀበያ ውስጥ እየተገፋ በቀጥታ ሰም ይቀርጽ ነበርና ለዚያ መሣሪያ ያንሾካሸከ ዘፋኝ ቢኖር ምንም ባልተቀረጸለት ነበር። የኤሌክትሪክ ቀረጻ ለገበያ የበቃው በ1925 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ለራስ የሚንጎራጎርን ዜማ እንዳለ ለሕዝብ ማድረስ የተቻለውም ከዚያ ወዲህ ነው። ችግሩ ዘፈኗ ከማይኩ በኋላ ላለው ዘመን የተጻፈ ሆኖ ሳለ እሷ ግን ከማይኩ በፊት በነበረው ጉልበት መዝፈኗ ነበር።

ክፍሉና ርቀቱ

የምቀርጽበት ክፍል ሦስት በአራት ሜትር የሆነ፣ ቺፑድ ኮርኒስ ያለው፣ ከኮርኒሱ በላይ ቆርቆሮ የለበሰ የግቢ ቤት ነው። ክረምቱ ገብቶ ስለነበር ከሰዓት በኋላ መቅረጽ የማይታሰብ ሆነ፤ የአዲስ አበባ የሐምሌ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ከቀትር በኋላ ስለሆነና ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ የሚያቆም ፕለጊን ስላልተሠራ ቀጠሯችንን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አደረግን።

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ በየሰፈሩ የስቱዲዮ ምልክት ሆኖ ቀርቷል። ካርቶኑ የላይኛውን ቀጭን ድምፅ በመጠኑ ከመበተን አልፎ የሚሠራው ሥራ የለም። ስስ ስፖንጅም ቢሆን የሚበላው ከፍተኛውን ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ዘፋኟን ሣጥን ውስጥ የምትዘፍን የሚያስመስለውን መካከለኛውን ክፍል ሳይነካው ያልፋል። እኔ የተጠቀምሁት ሁለት ወፍራም የጥጥ ፍራሽና ሦስት እጥፍ ጋቢ ነው። ፍራሾቹን ያቆምኋቸውም በማይኩ በስተጀርባ ሳይሆን በዘፋኟ በስተጀርባ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቄ ነው። ማይኩ የሚሰማው ፊቱን ያዞረበትን አቅጣጫ፣ ማለትም እሷንና ከእሷ በኋላ ያለውን ግድግዳ ነው፤ ጀርባው በአንጻሩ ደንቆሮ ነው። ይህን ቀላል ነገር ገልብጠው ስፖንጁን ከማይኩ ኋላ የሚለጥፉ ስቱዲዮዎች ብዙ አይቻለሁ። በፍራሹና በግድግዳው መካከል የተተወው ክፍተት ደግሞ ፍራሹ ወደ ታች ያለውን ድምፅም እንዲበላ ያግዘዋል።

ያሉኝ ማይኮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ትልቅ የድምፅ መቀበያ ሽፋን ያለው ኮንደንሰር (ጥቃቅን ድምፅ አጥርቶ የሚይዝ)፣ ሌላው ዳይናሚክ (በመድረክ የሚዘወተረው ዓይነት)። ዳይናሚክ ማይክ ክፍሉን አይሰማም የሚለው ወሬ በባለሙያዎችም ዘንድ ይደጋገማል፤ እውነቱ ግን ሰዎች ዳይናሚክ ማይክ ላይ ተጠግተው መዝፈናቸው ነው። ኮንደንሰሩም ላይ የተጠጋ ሰው ያንኑ ያገኛል፣ ተጨማሪ የትንፋሽ ዝርዝርም ያተርፋል። ኮንደንሰሩን መረጥሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። ቅርበት ስለተፈለገ ማይኩን አራት ጣት፣ ማለትም 8 ሴንቲ ሜትር ያህል አስጠግቼ አቆምሁት። በሄድፎን ስሰማው ግሩም ነበር፤ ድምፅዋ ወፍሮ፣ ሞቆ፣ ጆሮዬ ውስጥ የገባ መሰለኝ። አምስት ጊዜ አስዘፍኛት ሸኘኋት። ማታ በስልኬ ስከፍተው ግን ያ ሙቀት የለም፤ ብርድ ልብስ የተጣለበት ድምፅ ብቻ ቀረ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ አቅጣጫ የሚመርጥ ማይክ አፍ ሲጠጋው የታችኛውን ድምፅ ያጋንናል፣ የስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ያንን የታችኛውን ክፍል ጨርሶ አያወጣውም። እኔ ቅርበት ያልሁት ቤዝ ብቻ ስለነበር ቤዙ ሲቀር ቅርበቱም አብሮ ቀረ።

ሁለተኛው ጥፋት ከእንቅስቃሴዋ ጋር የተያያዘ ነው። ዓይኗን ጨፍና ስትዘፍን ወደፊትና ወደኋላ ትወዛወዛለች፤ እንዳትወዛወዝ መከልከል ዘፈኑን መከልከል ነው። በ8 ሴንቲ ሜትር ላይ የቆመ ማይክ እሷ አራት ሴንቲ ሜትር ስታፈገፍግ 3.5 ዴሲቤል ያጣል፣ ቤዙም አብሮ ይለዋወጣል፤ በ20 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ግን ያው አራት ሴንቲ ሜትር የሚያሳጣው 1.6 ዴሲቤል ብቻ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስለዚህ መለኪያውን ለእሷው ሰጠኋት፦ አውራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ እጇን ስትዘረጋ ትንሿ ጣቷ ፖፕ ፊልተሩን (ማይኩ ፊት የሚቆመውን የነፋስ መከላከያ) እንድትነካ። አንድ ስንዝር። ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት ሳልነግራት እየለካች ትጀምር ነበር። ማይኩን ከአፍንጫዋ ትይዩ ከፍ አድርጌ ወደ አፏ አዘነበልሁት፤ እንዲህ ሲሆን የ«ፈ» ነፋስ ከስሩ ያልፋል።

ቀጥሎ ያለው የሄድፎን ጉዳይ ነው። ወዲያው «ኢኮ ጨምርልኝ» አለች፤ አብዛኛው ድምፃዊ ይህን ይጠይቃል፣ ያለ ኢኮ ራቁቱን የቆመ ይመስለዋልና። ኢኮው ሄድፎኗ ውስጥ ብቻ እንዲሰማ፣ ወደ ቀረጻው ግን እንዳይገባ አደረግሁ። ከዚያ ክራሩን ዝቅ፣ የራሷን ድምፅ ከወትሮው ከፍ አደረግሁላት። ሰው የራሱ ድምፅ ጎልቶ ሲሰማው ሳያውቅ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ የአዝማሪ ቤቱ ጩኸት በምክር ያልወጣው በዚህ ወጣ። ሦስተኛው ቅጂ ላይ ስትደርስ ለጥጉ ሰው መዝፈን ትታ ለራሷ ማንጎራጎር ጀመረች።

አራተኛው ቅጂ መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው፣ ኦዲዮ ኢንተርፌሱም (ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) ከላፕቶፑ በሚያገኘው ኃይል ስለሚሠራ ቀረጻው አልተቋረጠም፤ እሷም አላቆመችም። በኋላ ስሰማው መብራቱ ከጠፋበት ቅጽበት ጀምሮ ከድምፅዋ በስተኋላ ያለው ዝምታ ተለውጧል። ለካ እስከዚያ ድረስ የአከራዬ ፍሪጅ ከግድግዳው ማዶ፣ የኮሪደሩ የሸምበቆ አምፖልም ከላይ ሲያጉረመርሙ ኖረዋል፤ ጆሮዬ ስለለመዳቸው አይሰማቸውም ነበር። የጎረቤት ጄኔሬተር እስኪነሳ ድረስ ስምንት ደቂቃ ያህል አገኘን፤ በእነዚያ ደቂቃዎች አንድ ሙሉ ቅጂ ቀረጽን። የመጨረሻው ዘፈን አብዛኛው ክፍል የተወሰደው ከዚያ ነው።

ጠ፣ ቀ እና ጥብቀት

ከውጭ የሚመጡ የቀረጻ መመሪያዎች በሙሉ ከንፈር ገጥሞ ሲከፈት ስለሚወጣ ነፋስ ያስጠነቅቃሉ። በአማርኛ «ፐ» ከውጭ በመጡ ቃላት ካልሆነ እምብዛም አይገኝም። የእኛ ጣጣ ሌላ ነው፤ «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» እና «ጸ»፣ የቋንቋ ምሁራን ፈንጂ የሚሏቸው ድምፆች። እነዚህ ሲነገሩ ጉሮሮ ይዘጋል፤ የሚወጣው ከሳንባ የመጣ ነፋስ ሳይሆን በጉሮሮና በአፍ መካከል የታመቀ ትንሽ አየር ነው። ስለዚህ ፖፕ ፊልተር ለእነሱ ምንም አይሠራም፤ የሚያቆመው ነፋስን ነውና። በስክሪን ላይ ሲታዩ እንደ መርፌ የቆሙ፣ ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ የሚቆዩ ጫፎች ናቸው።

በዚህ ዘፈን አዝማች ውስጥ «አልመጣህም» የሚል ቃል አራት ጊዜ ይመጣል። «ጣ» ፈንጂ ብቻ ሳትሆን የምትጠብቅም ናት፤ ድምፃዊቷም ጥብቀቱን ሆን ብላ ትይዘዋለች። ቃሉን አጉልቼ ስመለከተው «አልመ» ካለ በኋላ ሞገዱ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፣ ሩብ ሰከንድ ለሚጠጋ ጊዜ ምንም የለም፤ ከዚያ መርፌው ይቆማል፣ ከመርፌው በኋላም እንደገና አጭር ዝምታ ይከተልና «አ» ይከፈታል፣ ወደ መጨረሻው «ህ» በትንፋሽ ትበተናለች። የዘፈኑ ቅሬታ ሁሉ ያለው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው፤ ሰውየው ያልመጣባት ቦታ ናት።

በመጀመሪያው ስቱዲዮ ሥራ ይህ ቃል የተጎዳው በሁለት መንገድ ነበር። ኮምፕረሰሩ በጣም በፈጠነ አታክ (መጫን በሚጀምርበት ፍጥነት) ስለተስተካከለ መርፌውን ይዞ ይጨፈልቀዋል፤ ሪሊዙ (የሚለቅበት ፍጥነት) ደግሞ ዝግ ያለ በመሆኑ ከመርፌው በኋላ የመጣው አናባቢ ገና ከተጫነበት ሳይነሳ ይጀምራል፣ ስለዚህ «ጣ» ደንዝዛ «አ» ሰምጣ ትሰማለች። ከዚያ ቀደም ብሎ ባለው ጥብቀት ላይ ሌላ ኮምፕረሰር ፈጥኖ ስለሚለቅ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ድምፅ በዝምታው ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ይህን ለማጥፋት ዝምታዎቹን ቆርጦ ማሳጠርም አይቻልም፤ በአማርኛ የጥብቀት ርዝመት ትርጉም ያዘለ ነው፣ «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ ሁለት ቃል እንደሆነ ሁሉ።

ሚክሲንግ

ሥራውን የጀመርሁት ኮምፕረሰር ሳልከፍት ነው። የተመረጡትን ቅጂዎች ገጣጥሜ ሁለት ምሽት ሙሉ እያንዳንዱን ሐረግ፣ አንዳንዴም እያንዳንዱን ፊደል በእጅ ከፍና ዝቅ አደረግሁ። በስንፍና የሚታለፈው ይህ ክፍል ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከጠቅላላው ውጤት ግማሹ የተገኘው እዚህ ነው። በጣም የሾሉትን «ጠ»ዎችና «ቀ»ዎች መርፌያቸውን ብቻ ለይቼ ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል ቀነስሁ፤ ለአንድ ቃል ብሎ ዘፈኑን ሁሉ የሚጫን ኮምፕረሰር ከማስቀመጥ ይሻላል። ትንፋሾቿን በአማካይ በ5 ዴሲቤል ዝቅ አደረግሁ እንጂ አላጠፋኋቸውም። ትንፋሽ የሌለው ዘፋኝ ከማንም አጠገብ ሊቀመጥ አይችልም።

ኢኪው (የድምፁን ቀጭንና ወፍራም ክፍሎች ማመጣጠኛ) ላይ የተደረገው ጥቂት ነው። ከዝቅተኛው ኖታዋ በታች ያለውን ከ90 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) ወደ ታች ቆረጥሁ፤ 300 ኸርዝ አካባቢ የክፍሉ ሣጥንነት ትንሽ ስለቀረ 2.5 ዴሲቤል ቀነስሁ፤ 4 ኪሎኸርዝ ላይ 1.5፣ ከ11 ኪሎኸርዝ በላይ 2 ዴሲቤል ጨመርሁ። የላይኛው ጭማሪ «ሰ»ን ስላሳመማት ዲኤሰሩን (የ«ሰ»ን ፉጨት የሚገድበውን) 7 ኪሎኸርዝ አካባቢ አድርጌ በከፉት ቦታዎች 4 ዴሲቤል ያህል እንዲይዝ ተውሁት። «ሸ» ከ«ሰ» ዝቅ ባለ ቦታ ስለምትቀመጥ ይኸው ዲኤሰር አይደርስባትም፤ ሁለት ቦታ ላይ የረበሸችውን በእጅ አወረድኋት።

ኮምፕረሰሩን በ3 ለ 1 (ከገደቡ ካለፈው ድምፅ ሲሶውን ብቻ እንዲያሳልፍ)፣ በ20 ሚሊሰከንድ አታክ አስተካከልሁ። በዚህ ፍጥነት መርፌው ሳይነካ ያልፋል፣ የሚያዘው ተከታዩ አናባቢ ነው፤ ቢበዛ 4 ዴሲቤል። እጅ ሥራው አስቀድሞ ስለተሠራ ከዚህ በላይ አላስፈለገም።

ኦቶቲዩን አልተጠቀምሁም። ክራሩ የተቃኘው በእሷ ድምፅ ልክ እንጂ በፒያኖ ልክ አልነበረም፤ ፕለጊኑ ወደ ፒያኖው ኖታ ሲጎትታት ከክራሩ ጋር ትጣላለች፣ በሐረግ መጨረሻ ላይ የምታንሸራትታቸውም የትዝታ ድምፆች ደረጃ ደረጃ ይሆናሉ። አንድ ቦታ ላይ ዝቅ ብላ የገባችበት ኖታ አለ፤ ከሌላ ቅጂ ተክቼው ነበር፣ በማግስቱ ግን መለስሁት።

ከክራሩ ጋር የነበረው ግጭት ከድምፅ መጠን የመጣ አልነበረም። የክራር ክር ሲመታ የሚወጣው ጠርዝ ከፈንጂ ፊደላቷ ጋር በአንድ ሠፈር፣ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ይኖራል። እሷ ስትዘፍን ብቻ ክራሩ በዚያ ቦታ 2 ዴሲቤል ገለል እንዲልላት፣ ስታርፍ እንዲመለስ አደረግሁ። የክራር ተጫዋቹ ሲሰማው «ምን ነካህብኝ?» አላለም፤ ያ ለእኔ በቂ ምስክር ነበር።

ኢኮውን በተመለከተ ከድምፃዊቷ ጋር ተከራክረናል። ሙሉ በሙሉ ደረቅ የሆነው ቅጂ ለእሷ የሬዲዮ ዜና መሰላት፤ ልክ ነበረች። የተስማማነው አጭር የፕሌት ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባትን የሚመስል ኢኮ) ላይ ነው፤ ርዝመቱ ከአንድ ሰከንድ በታች፣ ከድምፅዋ 35 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ የሚጀምር። ይህች መዘግየት ፊደሉ ጥርት ብሎ ካለፈ በኋላ ክፍሉ እንዲከተል ታደርጋለች፤ አድማጩ ክፍል ውስጥ መሆኑን ያውቃል፣ ዘፋኟ ግን ከክፍሉ ግድግዳ ይልቅ ለእሱ እንደምትቀርብ ይሰማዋል። ከሪቨርቡም ላይ ከ300 ኸርዝ በታችና ከ6 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ቆረጥሁ፤ «ሰ» ስታፏጭ ሪቨርቡ እንዳያስተጋባት።

ለመጨረሻ ፍተሻ ያዳመጥሁት በስልክ፣ በርካሽ የጆሮ ማዳመጫና ከሰፈራችን ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሹፌሩን አስፈቅጄ ነው። በሚኒባሱ ክራሩ ከሞተሩ ድምፅ ጋር ተደባልቆ ጠፋ፤ «አልመጣህም» ግን እያንዳንዷ ፊደል ተሰማች። ማስተሩን ወደ −14 ኤልዩኤፍኤስ (የአማካይ ጉላት መለኪያ) አስጠግቼ ተውሁት፤ ዩቲዩብና ስፖቲፋይ ከዚያ የጮኸውን ራሳቸው ስለሚያወርዱት ድምፁን አጨናንቆ ማስጮህ ትርፍ አልነበረውም።

ፋይሉን ከላክሁላት ከሁለት ቀን በኋላ ደወለች። ሦስተኛው አዝማች ከመጀመሩ በፊት ያለችው ረዥም ትንፋሽ የት እንደገባች ጠየቀችኝ። እንዳላጠፋኋት፣ ዝቅ ብቻ እንዳደረግኋት ነገርኋት። «እሷን መልስልኝ፤ እዚያ ጋ ላለቅስ ነበር፣ ተውኩት» አለችኝ። ትራኩን ከፍቼ የቀነስሁትን 5 ዴሲቤል መለስሁ፤ 2 ጨመርሁበትና እንደገና ላክሁላት።